እሳት ሲነሳ ማን ያዛል? ከልደታ እድር እስከ ቺሊ ቀይ መኪና

በአዲስ አበባ ሰው አፍ «እሳት አደጋ» ሦስት ነገር ነው። አንደኛው ቃጠሎው ራሱ ነው። ሁለተኛው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ «ወንድሜ እሳት አደጋ ነው የሚሠራው» እንላለን። ሦስተኛው ቀዩ መኪና ነው፤ «ኧረ እሳት አደጋ ጥሩ!» ብሎ የሚጮህ ሰው የሚፈልገው ተጨማሪ ቃጠሎ ሳይሆን መኪናውን ነው። ከሦስቱ ትርጉሞች በአንዱም ውስጥ ግን ጎረቤት የለም። እሳት አጥፊ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ደሞዝተኛ፣ የደንብ ልብስ የለበሰ፣ ከሌላ ቦታ ተጠርቶ የሚመጣ ሰው ነው።

በብዙ አገር ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። በጀርመንና በኦስትሪያ ትናንሽ ከተሞች፣ በአሜሪካ ገጠር፣ በቺሊ ደግሞ በዋና ከተማው በሳንቲያጎ ሳይቀር፣ ከቀዩ መኪና ላይ ዘለው የሚወርዱት ሰዎች ቀን ቀን ዳቦ የሚጋግሩ፣ የሚያስተምሩ፣ ሒሳብ የሚሠሩ የሰፈር ሰዎች ናቸው። በአሜሪካ ካሉት እሳት አጥፊዎች ከግማሽ በላዩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ደወል ወይም ስልክ ሲጠራቸው ሥራቸውን ጥለው ይሮጣሉ፤ ለዚህ ደሞዝ የላቸውም።

ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያደንቀው ድፍረታቸውን ነው። ያስደንቃል። እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ አስተዳደራቸው ነው። ደሞዝ የማይከፈለውን ሰው ማን ያዘዋል? «ዛሬ አልመጣም» ቢል ምን ይደረጋል? መኪናው የማን ንብረት ነው? ነዳጁን ማን ይሞላል? አለቃው ደካማ ቢሆን ማን ያነሳዋል? እነዚህ ጥያቄዎች ለእኛ እንግዳ አይደሉም። በልደታ ማርያም ዙሪያ ባሉት የድሮ መንደሮች፣ በጌጃ ሰፈርም በሉት በአብነት በኩል፣ ነዋሪው ለዘመናት ሲመልሳቸው ኖሯል። መልሱን የሰጠው ግን ለእሳት ሳይሆን ለቀብር ነው።

መጀመሪያ ስለ ደቂቃዎቹ

ጎረቤት ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት ትንሽ ፊዚክስ እናንሳ። እሳት ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ የሚቃጠል ነገር፣ ኦክስጅንና ሙቀት። በአንድ ክፍል ውስጥ እሳት ሲነሳ ትኩሱ ጭስ ወደ ላይ ይወጣና ከኮርኒሱ ሥር ይከማቻል። ጭሱ እየጋለ ሲሄድ ሙቀቱን ወደ ታች ይረጫል፤ ወንበሩን፣ ፍራሹን፣ መጋረጃውን ያግላል። የላይኛው ሙቀት ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ እሳቱ ገና ያልነካቸው ዕቃዎች ሁሉ ባንድ ጊዜ ይቀጣጠላሉ። ስፖንጅ ፍራሽና ፕላስቲክ በሞላበት ክፍል እዚህ ለመድረስ የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ሰው በባልዲ ሊያጠፋው ይችል የነበረ እሳት፣ ከዚያ በኋላ ወደ ክፍሉ እንኳ አያስጠጋም።

አሁን የድሮውን የልደታ ቤት አስቡት። ግድግዳው የባሕር ዛፍ እንጨት ቆሞለት በጭድና በጭቃ የተመረገ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ጭቃው አይቃጠልም፤ ለእሳት መጥፎ ግድግዳ ነው ማለት አይቻልም። ችግሩ ያለው ከላይ ነው። ኮርኒሱ ጨርቅ ወይም ማዳበሪያ ነው፣ ማገሩ ደረቅ እንጨት ነው። ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው ስለተሠሩ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ብዙ ጊዜ በየቤቱ አልተከፈለም። እሳት እዚያ ከገባ ኮሪደር እንዳገኘ ሰው ነው፤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይሮጣል። መንገዱ ደግሞ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ቅያስ ሊሆን ይችላል። መኪናው ቶሎ ቢደርስ እንኳ ዋናው መንገድ ላይ ይቆምና ቱቦ ይዘረጋል።

እስቲ ሒሳብ እንሥራ። ከቦኖው እስከሚቃጠለው ቤት 50 ሜትር ነው እንበል። ሰዎች በየ1.25 ሜትሩ ቢቆሙ 40 ሰው ያስፈልጋል። ባዶውን ባልዲ የሚመልስ ሌላ 40 ሰው ሲጨመር 80 ሰው ሆነ። ባለ 10 ሊትር ባልዲ በየ3 ሰከንዱ ከእጅ ወደ እጅ ቢተላለፍ በደቂቃ 200 ሊትር ውኃ ይደርሳል። (ቦኖው ያን ያህል ውኃ ካለው ማለት ነው። ፈረቃችን ካልሆነ ሮቶ ያለው ጎረቤት መፈለግ ነው።) የእሳት አደጋ መኪና ፓምፕ ግን በደቂቃ ከ2000 ሊትር በላይ ሊገፋ ይችላል፤ ያውም በጥቂት ሰዎች። ታዲያ 80 ሰው ከአንድ መኪና አሥር እጅ ያንሳል?

በመጠን አዎ። በሦስተኛው ደቂቃ የደረሰ 200 ሊትር ግን በሃያኛው ደቂቃ ከደረሰ 2000 ሊትር ይበልጣል፤ በሦስተኛው ደቂቃ የሚቃጠለው አንድ ፍራሽ ነው፣ በሃያኛው አንድ ግቢ ነው። ችግሩ 80 ሰው ማግኘት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ «እሳት!» ተብሎ ከተጮኸ 80 ሰው በሁለት ደቂቃ ይመጣል። ችግሩ 80ው ሰው ሰልፍ አለመሆኑ ነው። ግማሹ ይጮኻል፣ ገሚሱ የራሱን ዕቃ ያወጣል፣ አንዱ ሙሉ ባልዲ ይዞ በሰው መሃል መውጫ ያጣል፣ ሌላው የመብራት ቆጣሪ ሳይጠፋ ኤሌክትሪክ ላይ ውኃ ይደፋል። በዚህ መልኩ ካየነው ድርጅት ራሱ መሣሪያ ነው፤ ልክ እንደ ፓምፑ።

ፊላዴልፊያና እድሩ

ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1736 በፊላዴልፊያ ከተማ ከጓደኞቹ ጋር አንድ የእሳት ማጥፊያ ማኅበር አቋቋመ። ሰውየውን በመብረቅ ሙከራው ታውቁት ይሆናል። ማኅበሩ ትንሽ ነበር፤ የአባላቱ ቁጥር ወደ 30 ነው። ደንባቸውን ስታዩት የሚያስቅ ነገር አለው፤ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ የሚያውቀው ደንብ ነውና። እያንዳንዱ አባል በራሱ ወጪ የቆዳ ባልዲና ዕቃ ማውጫ ከረጢት አዘጋጅቶ ያስቀምጣል። በየወሩ ስብሰባ አለ። ከስብሰባ የቀረ ይቀጣል። የቅጣቱ ገንዘብ ለማኅበሩ ዕቃ መግዣ ይውላል። ቦታው ሲሞላ አዲስ ሰው አይገባም፤ ሌላ ማኅበር ያቋቁም ይባላል።

ይኼ እድር አይደለም ትላላችሁ?

እድር መቼ ተጀመረ የሚለው ምሁራንን የሚያከራክር ነው፤ አብዛኞቹ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ከአዲስ አበባ ማደግ ጋር ያያይዙታል። ከገጠር የመጣ ሰው ዘመድ በሌለበት ከተማ ቢሞት ማን ይቀብረዋል የሚለው ፍርሃት ነው የወለደው። አሠራሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ቢሆንም አንድ ጊዜ እንደ እንግዳ ሰው እንየው። ጠቅላላ ጉባኤ አለ፤ እያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ አለው። ጉባኤው ዳኛ ወይም ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ዕቃ ጠባቂ ይመርጣል። መተዳደሪያ ደንብ አለ፤ ወርኃዊ መዋጮ አለ። ግምጃ ቤት አለ፦ ድንኳን፣ አግዳሚ፣ ብረት ድስት፣ ሳህን። ከሁሉም በላይ ደግሞ የማስጠንቀቂያ መሣሪያ አለ፤ ጡሩምባ። ጎህ ሳይቀድ ጡሩምባ ነፊው በየቅያሱ እየዞረ ማን እንደሞተና ቀብሩ የት እንደሆነ ይለፍፋል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ሬሳ የሚሸከም ይመደባል። የቀረ ይቀጣል። ቅጣቱን ያልከፈለ ይሰረዛል፤ የመሰረዝ ፍርሃት ደግሞ ከማንኛውም ገንዘብ ይበልጣል። ቀባሪ የሚያጣ ሰው መሆን ማን ይፈልጋል?

ማስጠንቀቂያ፣ የሥራ ክፍፍል፣ የጋራ ዕቃ፣ ቅጣት፣ ምርጫ። በጎ ፈቃደኛ የእሳት ማጥፊያ ማኅበር የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ትልቅ ግን ነው። እድር የሚንቀሳቀሰው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። አባል ቤቱ ቢቃጠልበት ብዙ እድሮች ገንዘብ ይረዳሉ፤ ይህ መድን ነው እንጂ ማጥፋት አይደለም። የፍራንክሊን ማኅበር ደግሞ በእሳቱ ሰዓት ይገኛል፤ በመጀመሪያ ግን የሚያድነው የራሱን አባላት ንብረት ነበር። ከረጢቱ ለዚያ ነው፤ የአባሉን ዕቃ ጠቅልሎ ለማውጣት። አባል ያልሆነው ጎረቤት ዕድሉ ነው። ከዚህ ተነስቶ ለከተማው ሁሉ የሚሮጥ ድርጅት እስኪሆን ድረስ ብዙ ዓመት ፈጅቷል።

የንጉሠ ነገሥቱ ጥርጣሬ

እንግዲህ ነገሩ ይህን ያህል ጠቃሚ ከሆነ መንግሥታት ለምን በየቦታው አላበረታቱትም? መልሱ ወደ 1900 ዓመት ገደማ ዕድሜ ባለው የደብዳቤ ልውውጥ ውስጥ አለ፤ በዚህ ርእስ ላይ ከማውቃቸው ጽሑፎች ሁሉ አስገራሚው እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ110 ዓ.ም. ገደማ በኋላ ፕሊኒ የሚባል ሮማዊ ዛሬ ቱርክ በሚባለው አገር ገዥ ሆኖ ተልኮ ነበር። በኒኮሜዲያ ከተማ ከባድ ቃጠሎ ደረሰ። ፕሊኒ ለንጉሠ ነገሥት ትራጃን የጻፈው አቤቱታ አዲስ አበባ ውስጥ ትናንት የተጻፈ ይመስላል፦ ሕዝቡ ቆሞ ያይ ነበር፣ ምንም አላደረገም፤ በከተማው ፓምፕ የለም፣ ባልዲም የለም። ስለዚህ 150 ሰዎች ያሉት የእሳት አጥፊዎች ማኅበር እንዳቋቁም ይፈቀድልኝ አለ፤ ከሙያው ሰዎች ሌላ ማንም እንዳይገባ ራሴ እቆጣጠራለሁ፣ ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ አያስቸግሩም ብሎም ጨመረ።

ትራጃን እምቢ አለ። ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ሰዎች ለምንም ዓላማ ይሰብሰቡ፣ ምንም ስም ይሰጣቸው፣ ብዙም ሳይቆይ የፖለቲካ ማኅበር ይሆናሉ አለ። ይልቅስ ዕቃውን አቅርብ፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው ያጥፉ፣ ካስፈለገም የተሰበሰበውን ሕዝብ ተጠቀም ብሎ መለሰለት። ሮም ራሷ በዚያን ጊዜ የእሳት ዘብ ነበራት፤ አውግስጦስ ያቋቋመው፣ በመንግሥት የሚታዘዝ። ንጉሠ ነገሥቱ የጠላው እሳት ማጥፋትን ሳይሆን ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ ሰዎችን ነው።

ሰውየው የፈራው ከንቱ ፍርሃት ነው እንዳንል ደግሞ አሜሪካ አለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኒው ዮርክ በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች ከእሳቱ ይልቅ እርስ በርስ የሚደባደቡበት ጊዜ ነበር። በሙስና ስሙ የገነነው ፖለቲከኛ ዊሊያም ትዊድ ሥልጣን ላይ መውጣት የጀመረው ከእንዲህ ያለ የእሳት ማጥፊያ ቡድን አለቅነት ነው። ሲንሲናቲ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1853፣ ኒው ዮርክ በ1865 በጎ ፈቃደኞቹን በደሞዝተኛ ሠራተኞች የተኩት አንድም በእንፋሎት የሚሠራ ፓምፕ ስለመጣ፣ አንድም ይህ ሁሉ ጉልቤነት ስላሰለቻቸው ነው። እንፋሎቱ 80 ሰው የሚሠራውን ሲሠራ የ80 ሰው ድምፅም አብሮ ቀረ።

የትራጃን ጥርጣሬ በእኛም አገር ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው የመጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ከጥቂት ዓመታት በኋላ በንጉሡ መንግሥት ታገደ፤ መረዳጃ ተብሎ የተቋቋመ ማኅበር የፖለቲካ ጥያቄ ማንሳቱ አልተወደደም። በዚያው ዘመን እ.ኤ.አ. በ1966 በወጣ ደንብ ማኅበራት እንዲመዘገቡ ተደነገገ። ደርግ ሲመጣ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን፣ ማለትም ቀበሌን፣ ወለደ። የሰፈር ጥበቃውም፣ ስብሰባውም፣ ልማቱም ወደ ቀበሌ ሄደ። ለእድር የቀረው ድንኳኑና ሬሳው ነው። በግልጽ «እሳት አታጥፉ» ያላቸው ማንም የለም፤ ከቀብር ያለፈ ነገር ማሰብ ግን የሚያስጠይቅበት ዘመን ነበር። ለመቅበር ብቻ የተፈቀደለት ድርጅት መቅበርን ብቻ ጎበዝ ሆኖ ቢያድር ለምን ይገርመናል?

ሁለት መሰላል

ወደ ትናንሾቹ ከተሞች እንመለስ። በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ድርጅት ከእድር የሚማረው ብዙ ቢሆንም እድር የሌለው አንድ ብልሃት አለው፤ ሁለት የሥልጣን መሰላል።

የመጀመሪያው የእሳቱ መሰላል ነው። ቃጠሎው ቦታ ላይ አለቃ አለ፣ ከሥሩ ካፒቴን፣ ከሥሩ ሌላ። አለቃው «ከጣሪያው ውረዱ» ካለ ይወረዳል። ድምፅ አይሰጥም፣ አስተያየት አይጠየቅም። ሁለተኛው የስብሰባው መሰላል ነው። እዚያ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አሉ፤ ስለ ገንዘብ፣ ስለ አዲስ አባል፣ ስለ ቅጣት፣ ስለ መኪና ግዢ ይወሰናል። እዚህ ደግሞ አለቃውም አንድ ድምፅ ያለው አባል ነው። ብዙ ቦታ አለቃውን የሚመርጡት ራሳቸው እሳት አጥፊዎቹ ናቸው። ማለትም ቅዳሜ እጅ አውጥተው የመረጡትን ሰው ማክሰኞ ሌሊት ያለ ጥያቄ ይታዘዙታል። ማክሰኞ ያጠፋውን ጥፋት ደግሞ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይጠይቁታል። ሁለቱ ሰዓቶች እንዳይደባለቁ ማድረግ ነው የአስተዳደሩ ሁሉ ቁልፍ። ቃጠሎ ላይ ስብሰባ ከተጀመረ ቤቱ ይነዳል፤ ስብሰባ ላይ ትእዛዝ ብቻ ከሆነ አባላቱ ይቀራሉ፣ ደሞዝ የላቸውማ።

መኪናው የማን ነው ለሚለው አገሮች የተለያየ መልስ አላቸው። በጀርመን ሕጉ ግዴታውን የጣለው በከተማው አስተዳደር ላይ ነው፤ መኪናውን፣ ጣቢያውን፣ ልብሱን ማዘጋጃ ቤቱ ይገዛል፣ በጎ ፈቃደኞቹ አለቃቸውን ይመርጣሉ፣ አስተዳደሩ ያጸድቀዋል። አሠሪም ሠራተኛው ለቃጠሎ ሲጠራ መልቀቅ አለበት። በአሜሪካ አንዳንዱ ቦታ መኪናው የማኅበሩ ነው፤ ከተማው በውል ይከፍላል፤ የጎደለውን ማኅበሩ እራት አዘጋጅቶ ትኬት ሸጦ ይሞላል።

ቺሊ ግን ለእኛ ትቀርባለች። በቫልፓራይሶ ወደብ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1850 በደረሰ ቃጠሎ ምክንያት በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያዎቹ በጎ ፈቃደኛ ቡድኖች ተቋቋሙ። በሳንቲያጎ ደግሞ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 8 ቀን 1863 በእመቤታችን በዓል ዕለት አንድ ቤተ ክርስቲያን ሞልቶ ሳለ ተቃጠለ፤ ወደ 2000 የሚጠጋ ሰው አለቀ፣ አብዛኞቹም ሴቶች ነበሩ። ከ12 ቀን በኋላ የከተማው በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች ድርጅት ተመሠረተ። እስከ ዛሬም የቺሊ እሳት አጥፊዎች በጎ ፈቃደኞች ናቸው። መንግሥት በጀት ይረዳል። የሚገርመው ግን አባላቱ ደሞዝ አለማግኘታቸው ብቻ አይደለም፤ ወርኃዊ መዋጮ ይከፍላሉ። እሳት ውስጥ ለመግባት ይከፍላሉ ማለት ነው! ለአውሮፓ ሰው እብደት ይመስለዋል። እድርተኛ ግን ወዲያው ይገባዋል፦ የከፈልክበት ነገር ያንተ ነው፤ ያንተ በሆነ ነገር ላይ ደግሞ ድምፅ አለህ።

አዲስ አበባ በራሷ መንገድ

አዲስ አበባ ስትቆረቆር የሳር ክዳን ከተማ ነበረች። ቆርቆሮ እየበዛ ሲሄድ ከላይ የሚመጣ ፍንጣሪ ሳር እንደ ድሮው አያቀጣጥልም፤ በሌላ በኩል ባሕር ዛፉ ቤቶቹን አቀራረበ፣ እንጨት በቅርብ ተገኘና። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከተማዋ የመንግሥት አለመኖር ምን እንደሚመስል አየች። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ወጡ፣ የጣልያን ጦር ሚያዝያ 27 ገባ። በመሃሉ ባሉት ቀናት ዝርፊያና ቃጠሎ መሃል ከተማውን አወደመው። ያን ጊዜ የጠፋው ውኃ ወይም ባልዲ አልነበረም፤ የሚያዝ ሰው ነው።

የከተማዋ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ከ80 ዓመት በላይ ታሪክ ያለው ሲሆን ከጥንቱም በማዘጋጃ ቤት ጥላ ሥር የኖረ የደሞዝተኞች ድርጅት ነው። ዛሬ የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ይባላል፤ ተጠሪነቱ ለከተማው አስተዳደር ነው፣ የአደጋ ጥሪ ቁጥሩም 939 ነው። ለሚሊዮኖች ከተማ ደሞዝተኛ ሠራተኛ ያስፈልጋል፤ ጀርመንም ትልልቅ ከተሞቿን ለበጎ ፈቃደኛ ብቻ አትተውም። ነገር ግን እዚያ ትልቁ ከተማ ውስጥም ከደሞዝተኛው ጎን በጎ ፈቃደኛው አለ። እኛ ጋ ከመኪናው በፊት ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ ወይም ባዶ አይደለም፣ ማንም ያላደራጀው ሕዝብ ሞልቶበታል።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ላይ የተነሳውን ቃጠሎ ብዙዎቻችሁ በስልካችሁ አይታችሁታል። ከልደታ ብዙም የማይርቅ ቦታ ነው። ሰው አልጠፋም ነበር። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ሱቆቹ ተያይዘዋል፣ ዕቃውን ሊያወጣ የሚታገለው ነጋዴና ሊያይ የመጣው ሰው ተደባልቋል። ለማጥፋት ሰዓታት ፈጀ። የፕሊኒን ደብዳቤ ከዚያ ምሽት ጋር ጎን ለጎን ማንበብ ነው።

«ኢትዮጵያዊ በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊ የለም» ግን አትበሉ። ከከተማ ውጡ። በ1992 ዓ.ም. የባሌና የቦረና ደን ሲቃጠል ገበሬው፣ ወታደሩና ተማሪው ነው የዘመተው። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲነድ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ደግሞ ባለሙያዎች መጥተዋል፤ ገደሉን ወጥቶ በቅጠልና በአፈር እሳቱን የመታው ግን ያካባቢው ሰው ነው። ገጠር ውስጥ ደቦና ጅጊ ስላለ ሰው ጥሪ ሲሰማ ከማን ኋላ እንደሚሰለፍ ያውቃል።

ልደታ ከፈረሰች በኋላ

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በልደታ ሰፊ የመልሶ ማልማት ሥራ ተጀመረ። የጭቃ ቤቶቹ ፈረሱ፣ ኮንዶሚኒየምና ረጃጅም ሕንፃ ቆመ፣ ባቡር በላዩ አለፈ። ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻ ተበተነ፤ እድሩም አብሮ ተበተነ። የተወሰነው ሰው ታክሲ ተሳፍሮ እየመጣ በድሮ እድሩ ይቀብራል፣ ለቀብር ይደረሳልና። ለእሳት ግን ከየካ አባዶ ልደታ ማንም አይደርስም።

እሳት አንፃር ሕንፃው ከጭቃ ቤቱ ይሻላል፤ የኮንክሪት ወለል እሳትን ከፎቅ ፎቅ በቀላሉ አያሳልፍም። ጭሱን ግን ደረጃው ያሳልፈዋል። ደረጃው እንደ ጭስ ማውጫ ሆኖ ጭሱን ወደ ላይኛው ፎቅ ይስባል፤ ያው ደረጃ ደግሞ የነዋሪው መውጫ ነው። በበርሜልና በተሰበረ ቁም ሳጥን የተሞላ ደረጃ ስንቱን አይተናል?

እዚህ ላይ ሕጉ ሳያስበው ጥሩ ነገር ሠርቷል። የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 ባለቤቶቹ ማኅበር እንዲኖራቸው፣ ጣሪያውን፣ ደረጃውንና ግቢውን ማኅበሩ እንዲያስተዳድር ያደርጋል። ጉባኤ፣ ቦርድ፣ ደንብ፣ መዋጮ። ማለትም ፍራንክሊን በ1736 ከባዶ የፈጠረውን እኛ ሕግ አስገድዶን አለን። ጎረቤትነቱም ቢሆን አልሞተም፤ በየዓመቱ ለግንቦት ልደታ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ግቢው ውስጥ ወጥቶ፣ መዋጮ ሰብስቦ፣ ንፍሮ ቀቅሎ አብሮ ይበላል። ማን እንጨት እንደሚያመጣ፣ ማን ድስት እንደሚያውስ፣ ማን እሳቱን እንደሚጠብቅ ማንም ሳይጨቃጨቅ ይመደባል። ክፍፍሉ አለ። የሌለው አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፋል? ብዙ አይደለም። 939 የሚደውለው ማን እንደሆነ፣ እሱ ባይኖር ማን እንደሚተካው። ዋናው መንገድ ላይ ቆሞ መኪናውን የሚመራ ሰው፤ መኪና አድራሻ ፍለጋ የሚያባክነው ደቂቃ የፍራሹ ደቂቃ ነውና። በየፎቁ አቅመ ደካማ ያለበትን ቤት የሚያውቅ ሰው። ሰው ከወጣ በኋላ የሚቆጥር። ደረጃው ላይ ዕቃ ያስቀመጠ ስንት እንደሚቀጣ፣ ቅጣቱም ማጥፊያ ሲሊንደር ለመግዛት እንደሚውል። በቃጠሎ ሰዓት የሚያዝ አንድ ሰው፣ በጉባኤ የተመረጠ፣ በጉባኤ የሚጠየቅ። ውኃ ከመደፋቱ በፊት መብራቱን የሚያጠፋ።

ይህን ለመጻፍ የተቀመጠ ኮሚቴ የመጀመሪያው ጭቅጭቅ የሚገጥመው በመጨረሻው መስመር ላይ ይመስለኛል። የቆጣሪው ክፍል ቁልፍ ማን ጋ ነው? ዘበኛው ጋ፣ ሊቀመንበሩ ጋ፣ ወይስ ከአራት ዓመት በፊት ቤቱን አከራይቶ የሄደው የድሮው ገንዘብ ያዥ ጋ?